ሥራ ጠያቂ ደጅ ጠኚ አይደለም





በቋራ ወረዳ፣ በገለጉ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ያስተማርኋቸው ልጆች ከኮሌጅና ከዩኒቨርስቲ ተመርቀው ሲመለሱ ምክር ሊጠይቁኝ ወደ ቤቴ ይመጣሉ። የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ነው። «መምህር፣ ጸሐፊ ወይም ሒሳብ ያዥ የሚፈልግ ማን ነው?» አይሉም፤ «መምህር፣ እዚያ መሥሪያ ቤት የሚያውቁት ሰው አለ?» ይላሉ። «ራስህ ሄደህ ጠይቀሃልን?» ስላቸው አንገታቸውን ይደፋሉ። ሳይጠሩ መሄድ ነውር፣ ያለ አማላጅ መግባትም ድፍረት ይመስላቸዋል።

ይህ አስተሳሰብ ከየት እንደ መጣ አይጠፋንም። አባቶቻችን ሹመትም ሆነ ጉልት የሚያገኙት ደጅ በመጥናት ነበር። ባለጉዳዩ በመኳንንቱ ደጅ እጅ እየነሣ፣ እስኪታይና እስኪታወስ ድረስ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይመላለስ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ከሾሙ በኋላም ደጅ ጥናቱ ከአዳራሹ በር ወደ ቢሮው በር ተዛወረ እንጂ አልቀረም። በ1950ዎቹ የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር የሚመራ ማዕከላዊ የፐርሶኔል ኤጀንሲ ተቋቋመ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515ም ክፍት ቦታ የሚሰጠው ተፈላጊውን ችሎታ አሟልቶ ከተወዳዳሪዎቹ ብልጫ ላገኘ ሰው ብቻ እንዲሆን ደነገገ። ይሁን እንጂ ሕግ በወረቀት ቢለወጥም ልማድ በልብ ውስጥ ይቆያል። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» የሚለው ተረት ዛሬም ከአዋጁ ይልቅ ይታመናል።

ነገር ግን ደጅ መጥናትና ቀርቦ መጠየቅ አንድ አይደሉም። ደጅ ጠኚ የሚያቀርበው ትሕትናውንና የአማላጁን ስም ነው። ሥራ ጠያቂ የሚያቀርበው ችሎታውን ነው። ደጅ ጠኚ ችሮታ ይለምናል፤ ሥራ ጠያቂ ግን ጥቅም ሊሰጥና ደመወዝ ሊቀበል ይዋዋላል።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። በየክረምቱና በየመኸሩ ከደጋው ወደ ቆላችን ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ እንመልከት። ማንም ሳይጠራው፣ በከተማው ዘመድ ሳይኖረው፣ ባለ እርሻውን ፊት ለፊት ቀርቦ «ስንት ትከፍላለህ? ምግቡስ? ማደሪያውስ?» ብሎ ተዋውሎ ይሄዳል። ዲግሪ የያዘው ልጃችን ግን ለዚያው ባለ እርሻ መጋዘን ለመያዝ ወይም ሒሳብ ለመጻፍ አማላጅ ይፈልጋል። ማጭድ የያዘው ሳያፍር ብዕር የያዘው ማፈሩ የትምህርታችንን ጉድለት ያሳያል።

ይህን የምለው እኔም አፍሬ ስለማውቅ ነው። የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ በአንድ ከተማ ከአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ቆምሁ። ዘበኛው «አለቃው የሉም» ይለኛል፤ እኔም ነገ እመለሳለሁ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን አንዲት አስተማሪያችን ያሉን ትዝ አለኝ። «ማን እንደ ሆናችሁ፣ ምን እንደምትችሉ፣ የት እንደምትገኙ በግማሽ ገጽ ጻፉ፤ ስጡና ሂዱ» ይሉን ነበር። እንደዚያው ጽፌ ለአንድ የእህል ነጋዴ ሰጠሁ። ነጋዴው «አሁን ሰው አልፈልግም» ብሎ ወረቀቴን ከመሳቢያው አኖረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጸሐፊው ሲታመም ልኮ አስጠራኝ። ሥራው የሁለት ወር ብቻ ቢሆንም ቀና ብሎ መጠየቅን አስተማረኝ።

እንግዲህ ወጣቶቻችን ጊዜውን ይወቁ። ሰሊጥ ታጭዶ በሚመዘንበት በጥቅምትና በኅዳር ባለ እርሻውም ነጋዴውም ፋታ የላቸውም፤ በነሐሴና በመስከረም ግን ለመኸሩ መዝጋቢና መጋዘን ጠባቂ ስለሚያስቡ ያን ጊዜ መሄድ ይሻላል። ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሄድም የቅጥር ማስታወቂያ መቼና የት እንደሚወጣ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ ለመጠየቅ ይሂድ እንጂ ከውድድር በፊት ለመግባት አይሁን። ገንዘብ ተቀብሎ «አስገባሃለሁ» ለሚል ደላላም ጆሮውን አይስጥ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ቢባልም ሌላውን አፍ በገንዘብ መግዛት ግን አያስፈልግም።

ስለ ሴት ልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። አንዲት ልጅ ሥራ ልትጠይቅ ስትሄድ ከሥራ ሰዓት ውጭ «ማታ ተመለሺ» የሚላት አለቃ ካጋጠማት ያ ሥራ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ከጓደኛዋ ጋር በሥራ ሰዓት ትሂድ። አለቆችም በራቸውን ከፍተው ያነጋግሯት።

በመጨረሻም ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች አደራ አለኝ። ማስታወቂያ በዞኑ ከተማ በገንዳ ውሃ ሰሌዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ተለጥፎ ሲነሣ የገለጉ ልጅ አያየውም። ክረምት ሲሆን መንገዱ ይጨቀያል፤ ጸጥታ ሲደፈርስም ማንም ልጁን በዚያ መንገድ አይልክም። ስለዚህ ማስታወቂያው በየወረዳው ይለጠፍ፤ ጊዜውም ይርዘም። ጠያቂው ሲመጣ ዘበኛ አይመልሰው። ስሙ በመዝገብ ይግባ። ሥራ ከሌለም «የለም» ይባል። «ነገ ና» እየተባለ ወር ከሚመላለስ፣ ቁርጡን አውቆ ወደ ሌላ በር መሄድ ይሻለዋል።

ወላጆችም ልጆቻችሁን «ማንን ታውቃለህ?» ከማለት «ምን ትችላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ በቤቱ የለመደ ልጅ በማንም በር ላይ አያፍርም።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከገለጉ