መብት በደጅ ጥናት አይጠየቅም

ከመንግሥት ቢሮ ወረቀት መጠየቅ ለእኛ ትውልድም ገና ደጅ ጥናት ነው። «በታላቅ አክብሮት» ብለን እንጽፋለን፣ «ነገ ተመለሱ» እንባላለን፣ ነገ እንመለሳለን። አሜሪካ የመጣነውም ይህን አመል ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ሻንጣ ውስጥ ከተን ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድን ሞልተናቸው እየኖርን፣ ሕጋቸው የሰጠንን የመጠየቅ መብት ግን ስንቶቻችን ነን የምናውቀው?

እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የመረጃ ነጻነት ሕግ የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን ነው። የሰፈራችን ፖሊስ፣ ትምህርት ቤትና ማዘጋጃ ቤት የሚገዙት በየግዛቱ ሕግ ነው። ቨርጂኒያ የራሷን በ1968 አወጣች። ቢሮው በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ካልቻለ ምክንያቱን ጽፎ 7 የሥራ ቀን ይጨምራል። ዝም ካለ ዝምታው እንደ እምቢታ ይቆጠራል፣ ፍርድ ቤትም ያስከስሳል። ሜሪላንድ እስከ 30 ቀን ትሰጣለች፤ ሰነድ ለመፈለግ የሚወስደውን የመጀመሪያ 2 ሰዓት ግን አታስከፍልም።

ወረቀት ላይ ያምራል። ይሠራል ወይ? ከመካከላችን አንዷ፣ የኮሌጅ ተማሪ፣ ሞከረችው። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሚበዛባቸው መንገዶች በየትኛው ሰዓት ስንት የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ተቆረጠ? ይህንኑ ጥያቄ ለሦስት ቢሮዎች ላከች፤ ሁለቱ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ሜሪላንድ።

የመጀመሪያው ደውሎ «ለምን ፈለግሽው?» አላት። የቨርጂኒያ ሕግ ስምና አድራሻ ያስጠይቃል እንጂ ምክንያት አያስጠይቅም። ይህንኑ በትህትና ነገረችው፤ በአራተኛው ቀን ሰንጠረዡ በኢሜይል ደረሳት። የሜሪላንዱ ከአንድ ሴሚስተር የመጽሐፍ ወጪ የሚበልጥ ሒሳብ ላከላት። የሦስት ዓመቱን ወደ ሦስት ወር አሳጠረችው፤ ፍለጋው ከ2 ሰዓት በታች ሆነ፣ ክፍያውም ቀረ። ሦስተኛው ድምፁን አጠፋ። የሕጉን አንቀጽ ጠቅሳ ሁለተኛ ደብዳቤ ስትጽፍለት ነው የነቃው።

«ለመኪና ቅጣት ይህ ሁሉ?» የሚል አይጠፋም። አዎ! ካፌ ተቀምጠን «እኛን ለይተው ነው የሚያሳድዱን» ስንል ዓመታት አልፈዋል። አንዳችንም ማስረጃ የለንም። ቁጥሩ እጃችን ሲገባ ግን ወይ ሐሜቱ ይወድቃል፣ ወይ ሐሜት መሆኑ ቀርቶ ለከተማው ምክር ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ይሆናል። በሁለቱም እናተርፋለን።

ሕጉን ግን አናመልከው። የቨርጂኒያው በሩን የሚከፍተው ለራሷ ዜጎችና እዚያ ለሚሠራጩ መገናኛ ብዙኃን ነው። አንድ የሮድ አይላንድና አንድ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ይህን ተቃውመው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄዱም፣ ዳኞቹ በ2013 በሙሉ ድምፅ ለቨርጂኒያ ፈረዱ። ክፍያውም ቢሆን ኪስ የሌለውን በዝምታ የሚመልስ ዘበኛ ነው። ተማሪዋ መልስ ያገኘችው ሕጉን አንብባ ስለጠበቀቻቸው ነው፤ ያላነበበው «ለምን ፈለግኸው?» ሲባል ደንግጦ ስልኩን ይዘጋል።

አገር ቤት ላላችሁም ወሬው የሩቅ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማግኘትን ነጻነት ያውቃል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መሥሪያ ቤቶች በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ ያዛል፣ ለተከለከለም እስከ እምባ ጠባቂ ተቋም የሚደርስ የአቤቱታ መንገድ ያሳያል። ያልተጠየቀበት ሕግ ግን መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ያሉት አባቶቻችን የዘመናቸውን እውነት ተናገሩ። የእኛ ዘመን አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃዋል። ምን እንደምትፈልጉ ለዩ፣ ጊዜውን አሳጥሩ፣ አንቀጹን ጥቀሱ፣ የላካችሁበትን ቀን መዝግቡ። ከዚያ ደጅ አትጥኑ፤ ቀኑን ቁጠሩ።