የ«ካንሰር ማርከር» ገበያ ሥርዓት ይያዝ
ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



በላቦራቶሪ ሙያ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ አቤቱታዬም በራሴው ሙያ ላይ ነው። በየግል ላቦራቶሪው በር «ሙሉ ቼክአፕ፣ የካንሰር ማርከርን ጨምሮ» የሚል ባነር ተሰቅሏል። በዓል ሲቃረብ ቅናሽም ይደረግበታል። ጤነኛ ሰው ሐኪም ሳያየው ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ደም ሰጥቶ ይወጣል። ከምግብ መፍጫ አካላት ካንሰር ጋር ተያይዘው የሚሸጡለት፣ በደም ውስጥ የሚለኩ ማርከሮች በአብዛኛው ሦስት ናቸው፦ ለአንጀት ሲኢኤ፣ ለቆሽት ሲኤ 19-9፣ ለጉበት ኤኤፍፒ።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ ውጤቱን ይዞ መጣ። ሲኢኤ 6.8 ይላል፤ ከጎኑ ወደ ላይ የተቀሰረ ቀስት፣ ቀጥሎ «መደበኛ፦ ከ5 በታች»። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ሰውየው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጋራ ያጨሳል። አጫሽ ላይ ሲኢኤ በዚህ መጠን ከፍ ሊል እንደሚችል የላቦራቶሪ ተማሪም ያውቀዋል፤ ታጨሳለህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን አልነበረም። ቤተሰቡ ተበድሮ ኮሎኖስኮፒ አሠራው። አንጀቱ ደህና ነው፤ ብድሩ ገና አላለቀም።

ሲኢኤን እ.ኤ.አ. በ1965 በሞንትሪያል ያገኙት ፊል ጎልድና ሳሙኤል ፍሪድማን ናቸው። ያኔ የአንጀት ካንሰርን ገና ከጅምሩ በደም እንለየዋለን የሚል ተስፋ ነበር፤ አልሰመረም። ዛሬ ሲኢኤ በዋናነት የሚጠቅመው ካንሰሩ ታውቆ ቀዶ ሕክምና የተደረገለትን ሰው ለመከታተል ነው። ወርዶ የቆየው ቁጥር ዳግም መውጣት ከጀመረ በሽታው ተመልሶ ይሆናል ተብሎ ይጠረጠራል። ለጤነኛ ሰው ማጣሪያ ግን አይመከርም፤ ለምን ቢባል ስሌቱ ራሱ ይናገራል። ከ1,000 ጤነኛ መሳይ ሰዎች 5ቱ ካንሰር አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ5ቱ ግማሹን ቢይዝና ከቀሩት 5 በመቶውን በስህተት ቢያስደነግጥ፣ ሁለት ሦስት ሰው ለማግኘት ሃምሳ ያህል ሰው በከንቱ እንቅልፍ ያጣል። ያመለጡት ደግሞ «ነጻ ናችሁ» ተብለው ይሸኛሉ፤ ይህኛው ይብሳል። ሲኤ 19-9ንማ በተፈጥሯቸው ጭራሽ የማያመነጩ ሰዎች አሉ፤ ቆሽታቸው ታሞም ወረቀታቸው ንጹሕ ነው። ከአርሲና ከባሌ ምግብ አልወርድ ብሏቸው ለሚመጡት የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሕሙማንም ቀድሞ የሚጠቁም አስተማማኝ የደም ማርከር የለም። የሚያስፈልጋቸው በጊዜ የሚደርስ ኢንዶስኮፒ ነው።

ምርመራዎቹ ይጣሉ አልልም። ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ወይም የጉበት ሲሮሲስ ያለባቸውና ሐኪም ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ያላቸው ሰዎች በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድና በኤኤፍፒ ቢታዩ የጉበት ካንሰር ገና ትንሽ ሳለ ሊገኝ ይችላል። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በአገራችን የተስፋፋ ነው። ክትባቱ ወደ ሕፃናት መደበኛ ክትባት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለደው በአብዛኛው አልተከተበም። ብዙው ሰው ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ደም ሲለግስ ወይም ለዓረብ አገር ጉዞ ሲመረመር ነው። «ፖዘቲቭ ነህ» ይባላል። የስድስት ወር ቀጠሮ የሚሰጣቸው ግን ስንቶቹ ናቸው? ያው ምርመራ ለማያስፈልገው በቅናሽ ይሸጣል፣ የሚያስፈልገው ደግሞ ስሙን እንኳ አልሰማም።

ስለዚህ እነዚህን ማርከሮች ለጤነኛ ሰው እንደ ካንሰር ማጣሪያ ማስተዋወቅ ይከልከል፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝም አይሠሩ። የውጤት ወረቀቱ ሲጋራ፣ የጉበት ሕመም፣ የቆሽት ብግነትና እርግዝና ቁጥሮቹን ሊያዛቡ እንደሚችሉ በአማርኛም ሆነ በየአካባቢው ቋንቋ ይጻፍበት። ከሁሉ በላይ ግን ሄፓታይተስ ቢ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሐኪም ዘንድ የሚደርስበት መስመር ይዘርጋ፤ ክትትል የሚያስፈልገውም አልትራሳውንዱንና ኤኤፍፒውን በአቅራቢያው የመንግሥት ሆስፒታል፣ በሚችለው ዋጋ ያግኝ። መልሳችሁን በይፋ እንድታሳውቁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።