የትምህርት ቤት ዲሲፕሊን በዱላ ሳይሆን በተደራጀ ሕዝብ ይጠበቃል

ትምህርት ቤት ከኅብረተሰቡ ተነጥሎ የቆመ አጥር ግቢ አይደለም። በውስጡ የሚታየው ጥንካሬም ሆነ ድክመት የአካባቢው ሕዝብ የንቃትና የአደረጃጀት ደረጃ ነጸብራቅ ነው። ስለሆነም በጉለሌ፣ በተለይም በጳውሎስ ዙሪያ የምንኖር ሠራተኞች፣ ሸማኔዎችና የቤት እመቤቶች ስለ ተማሪዎች ዲሲፕሊን ስንወያይ «ልጁ ለምን አጠፋ?» ብለን ብቻ ማቆም አይገባንም። «ልጁ ሲያጠፋ እኛ የት ነበርን?» የሚለውም ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት።

የችግሩን ክብደት ቁጥሮች ይመሰክራሉ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስርቆትና ኩረጃን ለመግታት ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው በዚያው የመጀመሪያ ፈተና ከ12 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች ፈተናውን ጥለው መውጣታቸውም አይዘነጋም። ተማሪው ያልሠራበትን ውጤት እንዲጠብቅ ያስለመደው ማን ነው? መልሱ ለሁላችንም የሚደርስ ሂስ ነው።

በጉዳዩ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይንጸባረቃሉ። የመጀመሪያው ዲሲፕሊንን ከዱላና ከማባረር ጋር አንድ አድርጎ ማየት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሠርቶ አደሩን ልጅ ማባረርም ችግሩን ከግቢ ወደ ሰፈር ማዛወር እንጂ መፍታት አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚህችው ከተማ ወጣቶች በጅምላ በተገደሉበት ወቅት በየትምህርት ቤቱ የነገሠው ዝምታ የፍርሃት እንጂ የዲሲፕሊን ውጤት አልነበረም። ይህን የሚያስታውስ ወላጅ ዛሬም በየመንደሩ አለ።

ሁለተኛው ሁሉንም ነገር ከመንግሥት መጠበቅ ነው። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን እስከ 6ኛ፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ፣ ሁለተኛ ደረጃን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አድርጎ አዋቅሯል። ይሁን እንጂ የእርከን ለውጥ ብቻውን መምህሩን በሰዓቱ ክፍል አያስገባም፤ የርእሰ መምህር መቀያየርም የተማሪውን ደብተር አይሞላም። በእርግጥ መንግሥት ግዴታ አለበት። ኑሮ የከበደው መምህር፣ የተጨናነቀ ክፍልና መጽሐፍ የሌለው ተማሪ ባሉበት ዲሲፕሊን በምክር ብቻ አይሰፍንም። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው የተማሪዎች ምገባ የተራበ ልጅ ሊማር እንደማይችል ከመገንዘብ የመጣ ተግባር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በፖልታቫ አጠገብ ወላጅ አልባና ወንጀል የፈጸሙ ወጣቶችን ያሰባሰበው ሶቪየታዊው መምህር አንቶን ማካሬንኮ፣ ዲሲፕሊን በጋራ ሥራና በጋራ ኃላፊነት የሚታነጽ የትምህርት ውጤት መሆኑን በተግባር አሳይቷል። እኛም ተሞክሮ አለን። በ1971 ዓ.ም. መሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የቀበሌ አዳራሾች መማሪያ ክፍል ሆነው ነበር። የዚያ ዘመን ድክመት ተሳትፎው በአብዛኛው ከላይ በሚወርድ ትእዛዝ ላይ መመሥረቱ ነው። ትእዛዙ ሲላላ ተሳትፎውም ላላ። ስለዚህ ዛሬ የሚያስፈልገው በፈቃድና በእምነት የሚደራጅ ሕዝብ ነው።

ከዚህ በመነሣት ተግባራችን ግልጽ ነው። አንደኛ፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ለመዋጮ ብቻ የሚሰበሰብ ሳይሆን የተማሪዎችንና የመምህራንን መቅረት በየሳምንቱ የሚከታተል መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የሰፈር አዳራሾች በምሽት ለጥናት ይከፈቱ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ የሚያድግ ልጅ መብራትና ጠረጴዛ ያግኝ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች ደንቡን በማውጣት ይሳተፉ፤ ወንበር የሰበረ ወንበር ይጠግን። አራተኛ፣ ሙያን እንደ ውድቀት መቁጠር ይቁም። በአካባቢያችን የቀድሞው ጄኔራል ዊንጌት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዛሬ የሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ ነው፤ ብረት በያጅ ወጣት እጅ ውስጥ ያለው ትክክለኛነት ራሱ ዲሲፕሊን ነው።

የሀብታም ልጅ ትምህርት ቤቱ ቢደክምበት ሌላ ይፈለግለታል። የሠራተኛው ልጅ ግን ያለው ያው የሰፈሩ ትምህርት ቤት ነው። ስለሆነም እያንዳንዱ የማኅበር አባል በሚቀጥለው ስብሰባ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ያቅርብ፤ በዚህ ሳምንት ስንት ልጆች ከክፍል ቀሩ? ማንስ ቤታቸው ሄዶ ጠየቃቸው?