ኤሌክትሪክን ሩቅ ያደረሰው ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ኤሌክትሪክ በማሽን እንዴት እንደሚመነጭ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ እንዴት ሩቅ እንደሚደርስ እንመልከት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1882 ቶማስ ኤዲሰን የሚባለው አሜሪካዊ በኒው ዮርክ ከተማ የመብራት ጣቢያ ከፈተ። የኤሌክትሪኩ ግፊት 110 ቮልት ነበር። ቮልት ማለት የግፊት መለኪያ ነው። መብራቱስ ጥሩ ነበር፤ ግን ከጣቢያው አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሲርቅ ይደክማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሰው በጨለማ ይቀራል። ለምን?

ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ሽቦውን ያሞቀዋል። ይህ ሙቀት በመንገድ የሚባክን ጉልበት ነው። የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሁለት እጥፍ ሲሆን ብክነቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ወፍራም ሽቦ ብክነቱን ይቀንሳል፤ ግን መዳብ ውድ ነው፤ ማን ይችለዋል?

የውሃ ወፍጮን እናስብ። ከዝቅተኛ ቦታ የሚወርድ ብዙ ውሃና ከከፍታ የሚወርድ ጥቂት ውሃ ድንጋዩን እኩል ሊያዞሩት ይችላሉ። ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። ግፊቱ ከፍ ካለ፣ ጥቂቱ የብዙውን ሥራ ይሠራል። ታዲያ ግፊቱን ምን ከፍ ያድርገው? ከፍ እንዳለ ቤት ቢገባስ ሰው አይገድልም ወይ?

መልሱ ትራንስፎርመር ነው። በአንድ ብረት ላይ ሁለት ሽቦዎች ይጠመጠማሉ፤ እርስ በርሳቸው አይነካኩም። በአንደኛው ሽቦ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ሲገባ ብረቱ ማግኔት ይሆንና በሁለተኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። የሁለተኛው ዙር አሥር እጥፍ ከሆነ ግፊቱም አሥር እጥፍ ይሆናል፤ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ግን በዚያው ልክ ያንሳል። ዙሩ ካነሰ ግፊቱ ይወርዳል። የኤዲሰን ኤሌክትሪክ ባንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ስለነበር በዚህ መሣሪያ አይሠራም። ዛሬ በየምሰሶው ላይ የምናየው ሣጥንም ይኸው ነው፤ ልጆች እንዳይጠጉት አደራ!

በ1885 ሦስት መሐንዲሶች በሃንጋሪ አገር፣ በቡዳፔስት ከተማ ትራንስፎርመርን ደህና አድርገው ሠሩት። በ1886 ዊሊያም ስታንሊ የተባለ አሜሪካዊ፣ ግሬት ባሪንግተን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ባለ 500 ቮልት ሽቦ በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ዘረጋ። በየምድር ቤቱ ያስቀመጣቸው ትራንስፎርመሮች ግፊቱን ወደ 100 ቮልት አወረዱት። ሱቆቹ በሩ። ፈልሳፊው እገሌ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን የብዙ ሰው ድካም ነው እንላለን።

ትልቁ ፈተና በ1891 በጀርመን አገር ሆነ። ላውፈን ከተባለ ቦታ፣ በወንዝ ጉልበት የሚዞር ማሽን 100 ቮልት የማይሞላ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ትራንስፎርመር ወደ 15,000 ቮልት አነሳው። ኤሌክትሪኩ በቀጭን ሽቦ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ፍራንክፈርት ከተማ ገባ። ከጉልበቱ ከአራት እጅ ሦስት እጁ ያህል ደረሰ። እዚያ ሌላ ትራንስፎርመር ግፊቱን አወረደው፤ አንድ ሺህ ያህል አምፖሎች በሩ። ውሃ የሚስብ ሞተርም ዞረና ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አወረደ። ወንዙ እዚያ ማዶ፣ ፏፏቴው እዚህ!