የበሰለ ሰው ማን ነው?

ሽበት ያወጣ ሁሉ በስሏል ማለት አይደለም። ፊደል የቆጠረም ሁሉ እንዲሁ። ታዲያ የበሰለ ሰው ማን ነው? እስቲ ከአገራችን ምሳሌ እንውሰድ።

ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ አንድ የቆየ የድንጋይ ድልድይ አለ። በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ጊዜ ኢጣሊያኖች እንዳይሻገሩበት አርበኞች መካከሉን ሰበሩት። ስሙም ሰባራ ድልድይ ተባለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር። ተሻጋሪው በገመድ ይታሰራል። በወዲህና በወዲያ ያሉ ሰዎች ይስቡታል። ከሥር ዓባይ ይጮኻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 ድልድዩ ተጠገነ። በ2005 ጥገናውን ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ።

እንግዲህ እናስብ። ገመድ ሳቢው በተሻጋሪው ላይ ቂም ቢኖረውስ? ምናልባት ወሰኑን ገፍቶበታል። ምናልባት በገበያ መካከል ሰድቦታል። ልቡ ይናደዳል፤ እጁ ግን ገመዱን አይለቅም። ብስለት ይህ ነው። የበሰለ ሰውም ይቆጣል። ቁጣው ግን እጁን አያዘውም።

በብቸናም በሞጣም ደም መመለስ ስንቱን ቤት አጥፍቷል! መነሻው ብዙ ጊዜ የመሬት ወሰን ነው። ሰው ሲሞት ዘመድ፣ «የወንድምህ ደም ፈስሶ ትተኛለህ?» ይላል። ወንድምየው ፈሪ እንዳይባል ይገድላል። እሱም ይገደላል ወይም ይታሰራል። ልጆቹ ያለ አባት፣ እርሻው ያለ አራሽ ይቀራል። «ፈሪ» መባልን ችሎ ሽማግሌ መጥራት ከመተኮስ ይከብዳል። ይህን የቻለ በስሏል።

ሽማግሌዎች ይህን ያውቃሉ። ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። ቀን ይቀጥራሉ። ቀጠሮው ቁጣው እንዲበርድ ጭምር ነው። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፤ ባለደሞች ይታረቃሉ። ወንጀሉን ፍርድ ቤት ያየዋል። ቂሙን ግን እርቅ ያደርቀዋል።

እኛም አሁን ማንበብ ጀምረናል። የወሰን ክርክር ሲነሣ ዱላ ከማንሣታችን በፊት የመሬት ይዞታ ደብተራችንን እናንብብ። የጎረቤታችንንም ቃል እስከ መጨረሻው እንስማ።

ለውይይት፦ በተናደድን ጊዜ እጃችንን ምን ይይዝልናል? በቀበሌያችን «ፈሪ» የሚባለው ማን ነው? በእውነትስ ፈሪ ነው?