ሱስ የተባለው ሁሉ ሱስ ነውን?

«ጫት፣ ሺሻ፣ ፕሌይስቴሽን!» ስለ ወጣቱ ችግር በተጠራ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሁሉ ይህችን የሦስት ቃላት ሰልፍ ያውቃታል። ተናጋሪው ሦስቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ በማግሥቱ በትምህርት ቤት አጥር ሥር የተከፈተች አንዲት የጨዋታ ቤት ትታሸጋለች፤ ከሳምንታት በኋላም መንገድ ተሻግራ ትከፈታለች። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሦስተኛዋን ቃል ከሰልፉ አውጥቶ ለብቻዋ ሊመረምራት ይወዳል። የቪዲዮ ጨዋታ በእርግጥ ሱስ ያስይዛልን?

የጀውሃና የሸዋ ሮቢት ሰው ሱስ ምን እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። የይፋት ቆላ ትምባሆ ያበቀለ፣ ጫት የሚነግድ ቆላ ነው። ጫት የለመደ ሐራራውንም ዱካኩንም ያውቃል። ይሁን እንጂ ቋንቋችን በዚህ ቃል ለጋስ ነው፤ የከሰዓት በኋላ ቡናዋ የቀረባት እናት ራሷን በሻሽ አስራ «ሱሴ ነው» ስትል ማንም አይደነግጥም። በዋርካ ሥር ገበጣ ሲጫወት ጀምበር የምትጠልቅበትን ሽማግሌም ሱሰኛ ያለው የለም። ታዲያ የልጅ ልጁ በስክሪን ፊት ሦስት ሰዓት ቢቀመጥ በምን ሚዛን ነው ስሙ የሚለወጠው?

ሚዛኑ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ በ2011 ዓ.ም. ያጸደቀው፣ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች መዝገብ «የጨዋታ መታወክ» የሚል ስም ይዟል። መለኪያው ግን የሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውዬው በጨዋታው ላይ ያለውን ቁጥጥር ማጣቱ፣ ጨዋታውን ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከቤተሰቡ ማስቀደሙ፣ ጉዳት እየደረሰበትም መቀጠሉ፣ ይህም ኑሮውን ክፉኛ ማናጋቱና በተለመደው አካሄድ 12 ወር ያህል መቆየቱ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ በ2005 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የኢንተርኔት ጨዋታን «ገና ሊጠና የሚገባው» ከሚለው ክፍል አስቀምጦታል። ይህ ስያሜ ጤነኛውን ልጅ በሽተኛ ያሰኛል ብለው የተቃወሙ ምሁራንም አሉ። እኔ ከእነዚህ ጋር እስከ መጨረሻው አልሄድም፤ ሕመሙ እውነት ነው፤ የሚይዘው ግን ከተጫዋቾቹ ጥቂቱን ነው። ብዙኃኑን በጥቂቱ ስም መጥራት ሕመምተኛውንም ይሰውረዋል፤ ሁሉ ሱሰኛ ከተባለ እውነተኛውን ሱሰኛ ማን ለይቶ ያክመዋል?

አሁን ወደ ጨዋታ ቤቱ እንግባ። በየከተማው የታወቀ ደንብ አለ፤ «ተሸናፊ ይከፍላል»። ሁለት ልጆች እግር ኳስ ይጋጠማሉ፤ የሁለቱንም ሒሳብ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። አሸናፊው በነፃ ተጫውቶ ይቀጥላል፤ ተሸናፊው ዕዳውን ይዞ ይነሣል። አይነሣም እንጂ! የከፈለውን ለማስመለስ እንደ ገና ይቀመጣል፤ እንደ ገና ይሸነፋል፤ ለደብተር የተሰጠው ገንዘብ ያልቃል፤ ከጓደኛው ይበደራል። ይህን አባቶቻችን በስሙ ያውቁታል፤ ቁማር ይሉታል። ቁማር ሱስ ለመሆኑ ደግሞ ክርክሩ ያለቀ ነው፤ ያው የ2005ቱ መመሪያ ከአልኮልና ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በአንድ ምዕራፍ አስቀምጦታል። ልጁን ከወንበሩ ያሰረው ስክሪኑ ይመስለናል፤ ገመዱ ግን ከስክሪኑ ሥር ባለው ሒሳብ ተቋጥሯል። ዛሬ ብዙው ወጣት ከጨዋታ ቤቱ ወደ ስፖርት ውርርድ ቤት ሲሸጋገር መንገዱ የማይጠፋው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

«ጨዋታ ነው፤ ምን አለበት?» የሚሉትም ከዚህ አያመልጡም። በስልክ የሚጫወቱት ብዙዎቹ ጨዋታዎች ምን እንደያዘ የማይታወቅ ሣጥን በገንዘብ ያስገዛሉ፤ ዕጣ ማለት ነው። ይህን የነደፈው ሰው ልጁ ስልኩን መቼ እንደሚያስቀምጥ አጥንቶ፣ እንዳያስቀምጠው አድርጎ ነው የሠራው።

የማሸግ መፍትሔም ተሞክሯል፤ ያውም ከእኛ በበለጸገ አገር። ደቡብ ኮሪያ በ2004 ዓ.ም. ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት 12 ሰዓት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች፤ በ2013 ዓ.ም. ሕጉን ለመሻር ወሰነች።

በቆላው ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. በአጣዬና በጀውሃ አካባቢ በደረሰው ግጭት ስንቱ ተማሪ ከቀዬው ተፈናቀለ! ማሾው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ ለወጣቱ የተከፈተ ጥላ ያለው በር የትኛው ነው? በብዙ ቦታ የጨዋታ ቤቱ ብቻ ነው። ይህን በር ሱስ ብሎ መጥራት ሌላ በር ያልከፈትነውን ሰዎች በርካሽ ነፃ ያወጣናል።

የኪነት ጓደኞቻችንም አንድ እጁ ጫት፣ አንድ እጁ ጆይስቲክ የያዘውን እየተንገዳገደ የሚገባ ልጅ ከመድረክ ቢያሳርፉት ደግ ነው። በምትኩ የተሸነፈውን፣ ከኪሱ የመጨረሻዋን ብር የሚቆጥረውን ልጅ ያሳዩን። የቀበሌ ሹማምንት ደግሞ ቤቱን ከማሸጋቸው በፊት አንዲት ደንብ ይሞክሩ፦ ክፍያው በሰዓት ይሁን፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል ይክፈሉ፤ ተሸናፊ ከፋይነት ይከልከል፤ በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አይግባ። መምህሩም ከክፍል የቀረውን ልጅ «ስንት ሰዓት ተጫወትህ?» ከማለቱ አስቀድሞ «ስንት ብር ተበላህ?» ብሎ ይጠይቀው።