«ትንቢቱ ተፈጸመ» እያላችሁ ለምትልኩልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የቁሐር ሚካኤል ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ምእመናን፥ ይህ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን እንደሚያስቆጣ ዐውቃለሁ። «ዲያቆኑ ዩኒቨርሲቲ ገባና ተጠራጣሪ ሆነ» የሚለኝም አይጠፋም። ይሁን፤ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ነገር ገጥሞኛል።

በዚሁ ሰንበት ትምህርት ቤት አብሮኝ ያደገ፥ ከእኔ ጋር መዝሙር ሲያጠናና ከበሮ ሲመታ የኖረ አንድ ጓደኛ አለኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ «ተፈጸሙ» የተባሉ ትንቢቶችን የሚመዘግብበት ደብተር ነበረው። ከስብከት የሰማውን፥ በቴሌግራም የተላከለትን፥ በዩቲዩብ ያየውን ሁሉ ከነቀኑ ይጽፍ ነበር። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስንገናኝ ደብተሩን አወጣ። በአንድ በኩል «የተባለው»፥ በሌላው በኩል «የሆነው» ብሎ አሰናድቶታል። ቀን የተቆረጠላቸው ሁሉ ቀናቸው አልፏል፤ ቀን ያልተቆረጠላቸው ደግሞ ነገሩ ከሆነ በኋላ የተነገሩ ናቸው። ከዚያም እንዲህ አለኝ፤ «እናንተ መጀመሪያ የሆነውን ታያላችሁ፤ ቀጥሎ ጥቅስ ትፈልጉለታላችሁ፤ ከዚያ ‹ተፈጸመ› ትላላችሁ። ማቴዎስስ ከዚህ የተለየ ነገር እንዳላደረገ በምን ዐውቃለሁ?» አሁን ቅዳሴ መምጣት ትቷል።

እርሱን ለመውቀስ የተነሣችሁ ሁሉ እስቲ ቆዩ። ስለ እኛ የተናገረው እውነት ነው።

ከራሴ ልጀምር። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሓ አንበጣ ወሎንና ሌሎች አካባቢዎችን በወረረ ጊዜ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርሁ። ለሕፃናት ክፍል የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 9ን ገልጬ «ይኸው፥ የተባለው አንበጣ መጣ» ብዬ አስተማርሁ። አንዲት ዐሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፥ እዚህ ላይ ግን አንበጣው ሣርና ዛፍ እንዳይጎዳ ታዝዟል» አለችኝ። ቁጥር 4 ላይ ነው። በራእዩ ያለው አንበጣ ቡቃያ አይነካም፤ የሚጎዳው ማኅተም የሌላቸውን ሰዎች ነው። የወሎው አንበጣ ማሽላውንና ጤፉን በላ እንጂ ሰው አልነደፈም። ልጅቷ ያነበበችውን እኔ አላነበብሁትም ነበር። የዚያን ቀን የመለስሁላትን መልስ እዚህ አልጽፈውም፤ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የአሁኑ ደግሞ የዓባይ ነገር ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ የግብፅ ወንዝ እንደሚደርቅ የሚናገረው ኢሳይያስ 19፥5 ያልተላከለት ሰው ያለ አይመስለኝም። ለእኛ ለፎገራ ሰዎች ነገሩ ይቀርበናል። ርብና ጉማራ ሩዛችንን አንድ ጊዜ አጠጥተው አንድ ጊዜ አጥፍተው ወደ ጣና ይገባሉ፤ ከጣናም ዓባይ ይወጣል። በክረምት ሜዳችን ሲጥለቀለቅ «የኖኅ ዘመን መጣ» የሚል መልእክት ይደርሰናል፤ ያው ውኃ ግድቡ ዘንድ ሲደርስ የኢሳይያስ ትንቢት ይሆናል! ወንዙ ግን አልደረቀም። ግድቡ የተሠራው ኃይል ለማመንጨት ነው፤ ውኃው ተርባይኑን አዙሮ ይወርዳል።

ለመሆኑ ምዕራፉን እስከ መጨረሻው ያነበባችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ? በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 25 ላይ እግዚአብሔር ግብፅን ሕዝቡ አድርጎ ይባርካታል። በቁጥር 1 ላይ ያለውን ፈጣን ደመናም ቤተ ክርስቲያናችን ጌታን ታቅፋ ወደ ግብፅ ለተሰደደችው ለእመቤታችን ትተረጉመዋለች፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በማኅሌተ ጽጌ የምናስበው ስደት ማለት ነው። አባቶች ስደተኛ ሕፃን ባዩበት ምዕራፍ እኛ የጎረቤቶቻችንን ጥም እናይበታለን። ሰው ሲጠማ ደስ የሚለው ትርጓሜ ከየትኛው ጉባኤ ቤት የተማርነው ነው?

ይህ በሽታ በስልክ ዘመን የጀመረ አይደለም። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሁሉ የዐፄ ቴዎድሮስን ከተማ ያያል። ፍካሬ ኢየሱስ የተባለው መጽሐፍ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል። የቋራው ካሣ ኃይሉም በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም መረጡ። ልብ በሉ፤ መረጡት። ትንቢቱን የሚያውቅ ሰው የትንቢቱን ስም ለራሱ ሲያወጣ፥ ትንቢት ተፈጸመ ይባላል ወይስ መጽሐፍ ተነበበ? ንጉሡን እወዳቸዋለሁ፤ የአገር አንድነት ያለሙ፥ እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ያሠሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ገደሉ። የተባለው የሰላም ዘመን አልመጣም። ታዲያ ትንቢቱ ተጣለ? የለም፤ «እውነተኛው ቴዎድሮስ ገና ይመጣል» ተባለ። ዛሬም የሚጠብቁት አሉ፤ «እኔ ነኝ» የሚሉም አልጠፉ። ፍካሬ ኢየሱስ ከሰማንያ አንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት እንዳልሆነ ግን ከሚያስተላልፉት መካከል የሚናገር የለም።

«ስምንተኛው ሺሕ ገባ» የምንለውስ? ባሕረ ሐሳብ የተማረ ያስላው፤ በ5500 ላይ 1500 ዓመተ ምሕረት ሲደመር 7000 ይሞላል። ስምንተኛው ሺሕ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። እኛ ግን ጤፍ በተወደደና ልብስ ባጠረ ቁጥር ዛሬ ማለዳ የገባ እናስመስለዋለን።

እንግዲህ ለጓደኛዬ ጥያቄ መልስ የለንም ማለት ነው? አለን፤ ግን ይህን ሁሉ ካመንን በኋላ ነው። ጥያቄው ራሱ አዲስ አይደለም፤ በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፖርፊርዮስ የተባለ ፈላስፋ መጽሐፈ ዳንኤል ነገሩ ከሆነ በኋላ የተጻፈ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ሄሮኒሞስም መልስ ጽፎለታል። የጓደኛዬ ክርክር ግን ማቴዎስ 2፥15 ላይ ነው። ወንጌላዊው ስለ ጌታ ወደ ግብፅ መሰደድ ሲጽፍ ሆሴዕ 11፥1ን ይጠቅሳል። ሆሴዕን የከፈተ ሰው እዚያ የሚያገኘው ስለ እስራኤል፥ ያውም ስላለፈው ስለ ዘፀአት ነው። ተጠራጣሪው «ተያዛችሁ» ይላል። ሆሴዕ ስለ እስራኤል መናገሩ ልክ ነው፤ ማቴዎስም ይህን አልሳተውም። እርሱ የሚለን፥ የእስራኤል ከግብፅ መውጣት ለክርስቶስ ምሳሌ ሆኖ ኖሯል ነው፤ ልጅ የተባለው ሕዝብ የተሰናከለበትን መንገድ እውነተኛው ልጅ እንደገና ሄደበት። ሊቃውንቶቻችን «አንድም» እያሉ የሚተረጉሙት በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያው ምሥጢር አይሰረዝም፤ ሁለተኛው ይታከልበታል እንጂ። እኛ የጉባኤ ቤቱን «አንድም» ትተን የጠንቋይ ትንበያ የመሰለ ነገር ስለ ያዝን፥ ተጠራጣሪው ማቴዎስን ከእኛ ጋር ቈጠረው።

ጓደኛዬ ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ማስረጃ አይሆንም» አለ። ላላመነ ሰው እንደ ሒሳብ ስሌት ያለ ማስረጃ እንደማይሆን እኔም እቀበላለሁ። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ከትሪፎን ጋር ሲከራከር ትንቢትን ጠቅሷል፤ ትሪፎን ግን አይሁዳዊ ነበረ፥ መጻሕፍቱን አስቀድሞ የተቀበለ። የኤማሁስ መንገደኞችም ነቢያትን ያውቁ ነበር፤ ጌታን ግን ቈጥረው አስልተው አላገኙትም። ከሙታን የተነሣው ራሱ ተረጐመላቸው፤ እንጀራውን ሲቈርስም ዐወቁት።

አንድ ነገር ልጨምር። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ሦስት ቀን የምትጾመው ላልተፈጸመ ጥፋት ነው። ነነዌ ትጠፋለች ተባለ፤ ሕዝቡ ንስሓ ገባ፥ ከተማዪቱም አልጠፋችም። የተቆጣው ዮናስ ብቻ ነበር፤ ከከተማዪቱ በስተምሥራቅ ዳስ ሠርቶ ምን እንደሚሆን ሊያይ ተቀመጠ። ጎርፍ በመጣ፥ ጦርነት በተነሣ ቁጥር «ይኸው ተፈጸመ» እያላችሁ የምትልኩልን፥ የዳሱን ጥላ የወደዳችሁት ትመስሉኛላችሁ። ውኃ የገባበት ጎረቤታችሁን ግን ቤቱን ሲያወጣ አላገዛችሁትም።

በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ኢሳይያስ 19ን ከቁጥር 1 እስከ 25 እናነባለን። መጽሐፍ ቅዱስ ይዛችሁ ኑ፤ በስልካችሁ ያለው ቁጥር 5 ብቻ ነውና። ጓደኛዬን ጠርቼዋለሁ። ደብተሩን ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።